ድሬዳዋ ላይ «ባዶ ቦታ» የተባለው ሜዳ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ሜዳ አለ፤ ሴቶች በየማለዳው ወተት፣ ቲማቲም፣ ማገዶና ከሰል ይሸጡበታል። የልጅ ልጄ ሰናይት ለሁለተኛ ዲግሪዋ በሠራችው የከተማ ንድፍ ላይ ያንን ሜዳ በትልልቁ «ባዶ ቦታ» ብላ ጻፈችበት። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ሰምቼ አልፍ ነበር። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ስለጻፈችው ግን አላልፈውም። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ያየሁትን ለመጻፍ ይበቃኛል።

እናንተ የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ ድሬዳዋን የምታዩት አይመስለኝም። ስለዚህ መንገዱን፣ ያደርንበትን ቤትና የበላነውንም አብሬ እጽፋለሁ።

ሰኞ። ጉዞው የጀመረው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠየቀኝ።

«ድሬዳዋ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሕፃን ልይዝ።»

«ሕፃን ለመያዝ ድሬዳዋ ድረስ?»

«ሕፃኑ የሚሄደው እዚያ ነው።»

ትንሽ አሰበና «የጉዞው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «ሥራ» ብሎ ሞላው። ትክክል ነው። ሰናይት የሰባት ወር ልጅ ታጠባለች። ባሏ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። ትምህርት ቤቷ ለአሥር ቀን ያህል ድሬዳዋ ሄደሽ አጥኚ ሲላት ዮናስን የሚይዝላት ከእኔ ሌላ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁና እሷ ዘንድ አደርኩ።

ሰናይት የምትማረው ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው በደንብ የጠየቅኋት። የከተማ ንድፍ ይባላል። «ከተማው እኮ ተሠርቷል፤ ምኑን ትነድፊዋለሽ?» አልኳት። መንገድ በየት እንደሚያልፍ፣ ሰው የት እንደሚገበያይ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ አይተው የጎደለውን በወረቀት ላይ ያስተካክላሉ አለችኝ። ጥሩ ትምህርት መሰለኝ። አሁንም ጥሩ ትምህርት ነው እላለሁ፤ በትምህርቱ ላይ ጠብ የለኝም።

ማክሰኞ። ከለገሃር በጠዋት ባቡር ተሳፈርን። ከሞጆ ጀምሮ አገሩ እየተራቆተና እየሞቀ ሄደ። እኔ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመድኩ ሰው ካቦርት ደርቤ፣ ለሕፃኑ ሁለት የሱፍ ሹራብ ይዤ ነበር። ካቦርቱን ሞጆ አካባቢ፣ ሹራቡን ናዝሬት አወለቅን። አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆመ፤ ወርደን ፓስታ በላን። ፓስታው ደህና ነበር፤ ውሃው ግን ለብ ያለ ነው።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው ከአዋሽ በኋላ ነው። ለምናርፍባት ሴት እጅ መንሻ ብዬ አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዤ፣ ሰናይት የንድፍ ወረቀቶቿን ጠቅልላ ባስቀመጠችበት ዘንቢል ውስጥ ከትቼው ነበር። እኛ ጋ ቅቤ በዘንቢል ወር ይቀመጣል። እዚያ ግን ቀለጠና በክዳኑ በኩል ፈሰሰ። ሰናይት ዘንቢሉን ስትከፍት ግማሹ ወረቀት ረጥቦ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ በነጠላዋ ጠረገች። ከፊት ለፊታችን የተቀመጠ የድሬዳዋ ሰው ዘንቢሉን አይቶ «አቦ እናቴ፣ ለድሬ በረዶ ነው የሚመጣላት፤ ቅቤማ እሷ ራሷ ታቀልጣለች» አለኝ። ሁርሶ ጣቢያ ላይ ብዙ ወታደሮች ወረዱ፤ ባቡሩ ቀለል አለ። ድሬዳዋ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር፤ ከሰረገላው ስወርድ የምድጃ አፍ የተከፈተብኝ መሰለኝ።

ያረፍነው ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። አባቷም ባሏም የባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ ባሏ ሞቷል። ቅቤውን ከጣሳው ግርጌ አንጠፍጥፌ ስሰጣት ተቀበለችኝና «ይህን ያህል ከደረሰማ ጀግና ቅቤ ነው» አለች። ቤቱ ከዘመዶቿ ይበልጥ በእንግዳ የሚሞላ ነው። አልጋ በግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ዘረጋችልን። ደጅ መተኛት ነውር ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚተኛው። ብርድ ልብሴን ሳወጣ ሳቀች። «አጣጥፈሽ ተቀመጪበት» አለችኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅ ሰውን አንቺ ማለት ንቀት አይደለም፤ ሁሉም ሁሉንም አንተ፣ አንቺ ይላል። መጀመሪያ ፊቴን አጠቆርኩ። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

ረቡዕ። ሰናይት በጠዋት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ስሙን አልጽፍም። የጥናት ጓደኛ ሆኖ የተሰጣት አቶ ግርማ የሚባል የድሬዳዋ ተወላጅ ነው፤ መኪና፣ ሜትርና የድሮ ካርታዎች ይዞ ያግዛታል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ውስጥ የድሮ ካርታ ትገለብጣለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወጥታ በየቦታው ያለውን ሰው ትቆጥራለች። ከዚያ ቤት መጥታ ታጠባለች፣ ትስላለች። ይህን የሰዓት ሠንጠረዥ ያወጣላት አዲስ አበባ ያለው መምህሯ ነው።

እኔ ዮናስን ይዤ ቀረሁ። ልጁ በሙቀቱ ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ አለበት፤ እንቅልፍም እምቢ አለ። ወይዘሮ አስካለ ቀን ቀን ወለሉ ላይ ውሃ ታርከፈክፍለታለች፣ በካርቶን ታራግብለታለች። ፓፓያ በማንኪያ አቅምሳው ወደደ። ለእኛ ፉልና ዳቦ አቀረበችልን፤ የሽሮ ዱቄቴን ከሻንጣው ለማውጣት አፈርኩ።

ሐሙስ። ገና ሳይነጋጋ ልጁ አልቅሶ ሲያስቸግረኝ ነፋስ ፍለጋ ይዤው ወጣሁ። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ የተሰለፈ ነው፤ የተሠመረ ደብተር ይመስላል። ደቻቱ ማለት ዝናብ ካልዘነበ ውሃ የሌለው የአሸዋ ወንዝ ነው፤ እሱን ተሻግሬ ወደ መጋላ፣ ወደ አሮጌው ሰፈር ወጣሁ። ወንዙ አፋፍ ላይ ሜዳ አገኘሁ። ሰው ሞልቶበታል። ግማሾቹ በአህያ ቲማቲም፣ ማገዶና ከሰል ያመጡ የኦሮሞ ሴቶች፣ ግማሾቹ የግመል ወተት የያዙ የሶማሌ ሴቶች ናቸው። አንዷ ሌላዋን በሶማሊኛ ትጠራለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ዋጋውን በአማርኛ ይጨርሱታል።

ሀዋ የምትባል ወተት ሻጭ ልጁን አየችና ከእጄ ወሰደችው። «አዬዮ፣ ይህን ልጅ ልትቀቅዪው ነው?» አለችኝ። አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ያለበስኩትን ሁሉ አወለቀች፤ ሽርጧን ውሃ ውስጥ ነክራ ጠቀለለችው። ልጁ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። የወተቱን ዋጋ ስጠይቃት «ለእሱ ነው፤ ሲያድግ ይመልሳል» አለች። ለአራተኛ ቤት ጎረቤቷ እሳት እንደምትሰጥ ሴት ነው የተናገረችው። ፀሐይ ስትከር፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም ጠቅልለው ሄዱ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ አለችኝ።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ድሬዳዋ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፤ ጫት የሚቅም ይቅማል፣ የማይቅም ይጋደማል። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ሰዓት ገበያው የሚደራበት ነው፤ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ የምንሞቀውም ያኔ ነው። እዚያ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታዩት ውሻ፣ ሰናይትና የሚከተላት አቶ ግርማ ብቻ ናቸው።

ዓርብ። ከሰዓት በኋላ ሰናይት ሥዕሏን መሬት ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ስለ መጋላ ጠባብ መንገዶች ስታስረዳኝ ደስ አለኝ። መንገዱ የጠበበው ሰዎቹ መለካት አቅቷቸው ሳይሆን አንደኛው ግድግዳ ምንጊዜም ጥላ እንዲሆን ነው አለች። መንገድ በስፋቱ ብቻ አይለካም፣ በጥላውም ነው አለች። ይህን ያየች ልጅ ናት። ዓይኔ ግን ወንዙ ዳር ወዳለው ትልቅ ነጭ ቦታ ሄደ። የተጻፈበትን አነበብኩ።

«ይህ የትኛው ሜዳ ነው?»

«ከደቻቱ በላይ ያለው። ሦስት ቀን ሙሉ ቆጠርኩት፤ ሰው የለበትም። መሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ለእሱ ይሆናል ብዬ አቀረብኩላቸው።»

«መቼ አቀረብሽ?»

«አሁን፣ ከቆጠራው ስመለስ።»

«እኔ ትናንትም ዛሬም ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ልጅሽ የተኛው በዚያ ሜዳ ላይ፣ በሰው ሽርጥ ውስጥ ነው። እነዚያን ሴቶች የት ጻፍሻቸው?»

«እማዬ፣ በተሰጠኝ ሰዓት ነው የቆጠርኩት።»

«ሰዓቱን ማን ሰጠሽ?»

«መምህሬ። ሰው የሚበዛበት ሰዓት ነው።»

«የት አገር ነው የሚበዛበት?»

ሥዕሏን ጠቀለለች። «መጀመሪያ ወረቀቴን በቅቤ አበላሸሽ፤ አሁን ደግሞ ሥራዬን» አለችኝ። እውነት ነው፤ የቅቤው ጥፋት የእኔ ነው። ስለ ሜዳው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእኔ ጥፋት የአንቺን አያጥበውም አልኳት። ያን ቀን እራት ስንበላ ወይዘሮ አስካለ በመካከላችን ተቀምጣ ስለ ባሏ ባቡር ብቻዋን ታወራ ነበር።

ቅዳሜ። ሰናይት በማለዳ ቀስቅሳኝ «ነይ አሳዪኝ» አለች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየኋትም። አቶ ግርማ መኪናውን አመጣ፤ የመንግሥት ታርጋ ያላት መኪና ናት። ሜዳው ላይ ደርሰን እሱ ሜትሩን ይዞ፣ እሷ ወረቀቷን ይዛ ሲወርዱ ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አንድ ቃል ተናገረች። ወተቱ ተነሣ፣ አህያው ተጫነ፤ ዮናስ እስኪያዛጋ ድረስ ሜዳው ተራቆተ። አንድ የተረገጠ ቲማቲም ብቻ ቀረ።

አልፈረድኩባቸውም። ከመንግሥት መኪና ወርዶ የሚጽፍ ሰው ግብር ሊያመጣ ይችላል፣ ሊያስነሣቸው ይችላል፣ ልጆቻቸውን ለዘመቻ ሊመዘግብ ይችላል። ደብረ ብርሃንም ቢሆን እንደዚያው እናደርጋለን።

አቶ ግርማን እዚያው ቆመን ጠየቅሁት። «አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰው እንደሚተኛ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን አብረሃት ስትቆጥር ለምን አልነገርካትም?»

«እናቴ፣ ማህተም ያለው ሠንጠረዥ ይዛ መጣች። እኔ ማህተም ላለው ወረቀት ‹ቆይ፣ ሰዓትህ ተሳስቷል› የምለው ማን ሆኜ ነው? እንቅልፌን ትቼ ቆጠርኩላት።»

ሰናይት ወረቀቷን አጥፋ ወደ መኪናው ገባች።

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ነገሩን አሰብኩበት። መኪና አይገባም፣ ሜትር አይገባም፣ ወረቀት አይታይም። ሰናይት ዮናስን ታቅፋ እንደ እናት ወዲያ ወዲህ ብትል ሜዳውን በእርምጃ ትለካዋለች። ቁጥሩን እኔ እይዛለሁ አልኳት።

«በምን ትይዢዋለሽ?»

መቁጠሪያዬን አሳየኋት። አሮጊት ከመቁጠሪያዋ ጋር የትም ብትቀመጥ ማንም አይጠረጥራትም። ሰናይት ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ይህንን ትምህርት ቤት አላስተማሩንም አለች።

ሰኞ። ሲነጋ ሄደን፣ ሰናይት ልጁን ታቅፋ ስትመላለስ እኔ ተቀመጥኩ። ለእያንዳንዷ ሻጭ አንድ ቋጠሮ አሳልፋለሁ። መቁጠሪያው አንድ ዙር ሞልቶ ሁለተኛውን ሲያጋምስ ሀዋ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አዬዮ፣ ትጸልያለሽ ወይስ ትቆጥሪናለሽ?»

ልዋሻት እችል ነበር። ነገር ግን ሰዎች ሳያውቁ በሰዎች ላይ ተጻፈ ብዬ ስጣላ ሰንብቼ፣ እኔ ራሴ ሳያውቁ ስቆጥራቸው ተያዝኩ። «እቆጥራችኋለሁ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርታውን፣ መኪና ማቆሚያውን፣ የጻፈችው የልጅ ልጄ መሆኗንም።

ሀዋ ሰናይትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ይህቺ ናት ባዶ ያለችን?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰናይት።

«ወላሂ እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቻለሁ። አንቺ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመሽ የኔን መተኛት ቆጠርሽ?» አለችና ለሌሎቹ በሶማሊኛ ተናገረች። ሳቁ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ፤ በኦሮምኛ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ተነሣ። ሰናይት ፊቷ ቀላ፤ ቆማ ሳቁን ተቀበለች።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ከሰል ሻጯ ወረቀት ከተጻፈ መዘዝ አይቀርም፣ ብትቆጥሩንም ባትቆጥሩንም ያስነሡናል አለች። ሀዋ ደግሞ ካልተጻፍን ማን ነበራችሁ ይሉናል አለች። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ወተቱ ሊረጋ ነበር። በመጨረሻ ሀዋ መጥታ «ቁጥር ጻፊ፤ ስም እንዳትጽፊ። ከየት እንደመጣን ጻፊ፤ የማን ሚስት እንደሆንን አትጻፊ። የምንመጣበትን ሰዓት ጻፊ፤ የምንተኛበትንም ጻፊ» አለቻት። ሰናይት በደብተሯ ያዘችው። በዩኒቨርሲቲ የተሰጣት መመሪያ ከዚህ አይበልጥም መሰለኝ።

ማክሰኞ። በጠዋቱም በአሥር ሰዓቱም ቆጠርን። በዚህ ጊዜ በግልጽ ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው «እሷን ዘለልሻት» እያሉ ያርሙን ነበር። አቶ ግርማ ያለ መኪናው በእግሩ መጣ። ጥላው የት የት እንደሚውል በየሰዓቱ ምልክት አደረገላት፤ ማንም ሳይጠይቀው ነው ያደረገው።

ረቡዕ። ሦስታችንም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ገባን። ሰውየው ከላይኛው አገር የመጣ፣ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ እርስዎ እያለ ነው የሚናገረኝ። ሰናይት አዲሱን ወረቀት አቀረበችና የመጀመሪያው እንዲመለስላት ጠየቀች።

«ጓዲት ሰናይት፣ የመጀመሪያው ገቢ ሆኗል፣ ማህተም ተደርጎበታል። ወደ ላይ ሊላክ ነው። የገባ ወረቀት አይወጣም።»

«ስህተት ነው እኮ» አለች።

«አቶ ግርማም ፈርሞበታል።»

አቶ ግርማ ጫማውን እያየ «ፈርሜአለሁ፤ ተሳስተን ነው የፈረምነው» አለ። ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው ድምፁ ላይ ነበር። ኃላፊው ብዙ አየው።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አልኩ። «ይህ ሜዳ ባዶ የሚሆነው በስንት ሰዓት ነው? እሱ ይጻፍልኝ።»

«እማማ፣ ይህ የቢሮ ጉዳይ ነው።»

«ልጄ ያጠፋችው ነው፤ የእኔም ጉዳይ ነው። መልሱን ካላገኘሁ አልነሣም።»

ቁጭ አልኩ። ዮናስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማህተም ቀለም ሊይዝ ተንጠራራ፤ ኃላፊው ቶሎ አነሣበት። ከዚያ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ ከአሮጌው ጋር በአንድ ፋይል አያያዘውና «መልሱ በጽሑፍ ይደርስዎታል» አለኝ። የቀበሌዬንና የቤቴን ቁጥር አስጻፍኩት፤ ተነሣሁ።

ሐሙስ። ተመለስን። ሀዋ ጣቢያ ድረስ መጥታ ለዮናስ ሽርጡን ሰጠችው። ወይዘሮ አስካለ ለመንገድ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችልን፤ የቅቤ ጣሳዬን አጥባ ሎሚ ሞልታበት መለሰችልኝ። ሲፈትሹን ኮንትሮባንድ ፈላጊው ጣሳውን ከፍቶ ሎሚውን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ ምንም ሳያገኝ አንድ ወስዶ ሄደ።

ባቡሩ ውስጥ ሰናይት «መምህሬ ሠንጠረዡን ራሱ ነው የሠራው። ስህተት ነበር ብዬ ብጽፍ በዚህ መንፈቅ አያሳልፈኝም» አለችኝ።

«አያሳልፍሽ።»

«ለአንቺ ቀላል ነው።»

«ቀላል አይደለም። ዮናስን ሌላ መንፈቅ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ሰናይት በጥናቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሠንጠረዡ ለድሬዳዋ እንደማይሠራና ሜዳውን ባዶ ያለችው ራሷ ተሳስታ እንደሆነ ጻፈች። መምህሯ ተቆጣ። ዲግሪዋን ያገኘችው አንድ መንፈቅ ዘግይታ ነው። ዮናስ በዚያ መካከል እኔ ቤት መራመድ ጀመረ።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቀበሌ ጠርተው ሰጡኝ፤ ሊቀ መንበሩ ማህተሙን አይቶ ምን አጥፍተው ነው አለኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። በጽሕፈት መኪና የተተየበ ነው። «የተጠቀሰው ቦታ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባዶ መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ በእነዚህ ሰዓቶች ለጭነት መኪና ማቆሚያ እንዲያገለግል፣ በቀሩት ሰዓቶች ለነባር ተጠቃሚዎች እንዲቆይ ተወስኗል» ይላል።

ከማህተሙ በታች አቶ ግርማ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «እናቴ፣ በዚያ ሰዓት ሾፌሮቹም ተኝተዋል።»